ዲስክ ላይ ያለው ከርነል እና እየሠራ ያለው ከርነል

ሊነክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ወደ ታች ከመውረዳችሁ በፊት ተርሚናል ክፈቱና ዩኔም ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ ሰረዝ እና አር ጻፉ። የሚመጣው ቁጥር ማሽናችሁን በዚህች ደቂቃ እያሠራ ያለው ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት ነው። አሁን ደግሞ ቡት የሚባለው ፎልደር ውስጥ የተቀመጡትን ከርነሎች እዩ። እዚያ ካሉት ትልቁ ቁጥር ቅድም ካያችሁት ከተለየ፣ አፕዴቱ ወርዷል፣ ተጭኗል፣ ግን ሥራ አልጀመረም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚያቆመው። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ሲወርድ አይቷል፣ ስህተት የሚል ነገር አልመጣም፣ እፎይ ብሎ ላፕቶፑን ይከድነዋል። ነገ ይከፍተዋል፣ ከነገ ወዲያም ይከፍተዋል። ላፕቶፕ ሲከደን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይተኛል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ወር ሙሉ የሚሠራው የድሮው ከርነል ነው።

ከርነል ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገረው የሲስተሙ ክፍል ነው። ፕሮግራሞቻችን ፋይል ሲከፍቱ፣ ኔትወርክ ሲጠቀሙ፣ ሚሞሪ ሲፈልጉ የሚጠይቁት እሱን ነው። የትኛው ተጠቃሚ የትኛውን ፋይል መንካት እንደሚችል የሚወስነውም እሱ ነው። ፋየርፎክስ ሲታደስ ዘግቶ መክፈት ይበቃል። ከርነሉ ግን ማሽኑ ሲነሳ ሚሞሪ ላይ ይጫናል፣ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስም ከዚያ አይወርድም። አዲሱ ዲስክ ላይ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል፤ ሪስታርት እስክታደርጉ ድረስ።

ሥራዬ ሰርቨር መንከባከብ ነው። ከሥራ ውጭ ደግሞ የጓደኞቼ ላፕቶፕ አለ። ሁለቱም ቦታ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «እየሠራ ነው፣ ለምን እነካካዋለሁ?» ይሄ ፍርሃት ከመሬት ተነስቶ አልመጣም። የት ጋ ልክ እንደሆነና የት ጋ እንደሚጎዳን ለይቼ መናገር ስለምፈልግ ነው ይህን የምጽፈው።

ልክ ከሆነበት ልጀምር። አንድ ጓደኛዬ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ሊነክስ ጭኖበታል። አንድ ማታ ሲስተሙን አደሰ፣ ሪስታርት አደረገ፣ ዋይፋዩ ጠፋ። ደካማ ሆነ ማለቴ አይደለም። ካርዱ ጭራሽ የሌለ ያህል ነው፤ የኔትወርክ ምልክቷ ራሷ ከላይ የለችም። ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ኢንተርኔት የለኝም። ለማስተካከል ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልገኛል» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት የሚያስረክበው ሥራ ነበረው።

በስልክ ያደረግነው ቀላል ነው። ማሽኑን አጥፍቶ ሲያበራው ኢስኬፕ ቁልፉን እንዲነካ ነገርኩት። የግራብ ሜኑ መጣ፤ ማሽኑ በየትኛው ከርነል እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር ነው። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ውስጥ ገባና ከአዲሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር የያዘውን፣ ማለትም የትናንቱን ከርነል መረጠ። ማሽኑ ተነሳ፣ ዋይፋዩም ተመለሰ። ያን ሌሊት ሥራውን ጨረሰ።

ምክንያቱን በማግስቱ አብረን አየነው። የዚያ ዋይፋይ ካርድ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ኮድ፣ ከከርነሉ ጋር አብሮ አይመጣም። ለብቻው የሚጫን ነው፣ አዲስ ከርነል በመጣ ቁጥርም ከኮዱ እንደገና መሠራት (ኮምፓይል መደረግ) አለበት። ያንን በራሱ የሚሠራው ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ ነው። ዲኬኤምኤስ ግን ለሥራው የአዲሱን ከርነል ሄደር ፋይሎች፣ ማለትም ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር እንዲገጥም የሚታዩትን መግለጫዎች ይፈልጋል። ማሽኑ ላይ የነበሩት ሄደሮች የድሮው ከርነል ብቻ ነበሩ። ከእያንዳንዱ አዲስ ከርነል ጋር ሄደሩንም ይዞ የሚመጣውን ጠቅላላ ፓኬጅ ስንጭን ድራይቨሩ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አልደወለልኝም። በነገራችን ላይ፣ እንዲህ ኢንተርኔት አልባ ሆናችሁ ከቀራችሁ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግ አብሩ። የስልኩ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም።

ይህ ታሪክ የሚያሳየው ነገር አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ይህ ከርነል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፦ አዲስ ከርነል የተጠቃሚን ፕሮግራም መስበር የለበትም። አንድ ለውጥ ቀድሞ ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ካበላሸ፣ ጥፋቱ የለውጡ ነው። ወይ ይስተካከላል ወይ ይነሳል። ሊነስ በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ሰው ሲቆጣ ኖሯል፣ እኔም ቁጣው ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ዛሬ ከርነል ቀይራችሁ የቆየ ፕሮግራማችሁ ምንም ሳይሆን የሚነሳው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው።

ግን ሕጉ የሚሠራው ከከርነሉ ወደ ውጭ፣ ወደ ፕሮግራሞች በኩል ነው። በውስጥ፣ ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር የሚገናኙበት መንገድ በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። ከከርነሉ ጋር አብረው የሚኖሩትን ድራይቨሮች ለውጡን ያመጣው ሰው ራሱ ያስተካክላቸዋል። ውጭ ያሉት ግን ከኋላ ሮጠው መድረስ አለባቸው። የኤንቪዲያ የራሱ ድራይቨር፣ የቨርቹዋልቦክስ ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጨመር ቁራጭ ኮድ)፣ አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች እዚህ ውስጥ ናቸው። እና «ከርነል ሳድስ ምን ይበላሻል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሚፈራው በጣም ይጠባል። ተርሚናል ላይ ዲኬኤምኤስ ስታተስ በሉ። ምንም ካልመለሰ ከውጭ የመጣ ሞጁል የላችሁም ማለት ይቻላል፤ የጓደኛዬ ዓይነት ማታ የመግጠማችሁ ዕድል ትንሽ ነው። ስም ከዘረዘረ ደግሞ ከአፕዴት በኋላ ምን ምን ማየት እንዳለባችሁ ነገራችሁ።

ወደ ሌላኛው ወገን ልምጣ። አለማደስ ምን እንደሚያስከፍል ለማሳየት ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ የምመርጠው ደርቲ ፓይፕ የተባለውን የከርነል የደኅንነት ቀዳዳ ነው። ሙሉውን ልንገራችሁ፣ ዝርዝሩ ላይ ነው ቁም ነገሩ።

ማክስ ኬለርማን ጀርመን ውስጥ በአንድ የዌብ ሆስቲንግ ድርጅት የሚሠራ ፕሮግራመር ነው። በ2021 አንድ ደንበኛ ያወረድኩት የሎግ ፋይል (ዌብሳይቱን የጎበኙት የሚመዘገቡበት) አልከፈት አለኝ ብሎ አመለከተ። ፋይሉ በጂዚፕ የታመቀ ነበር። ኬለርማን ሲያየው ውስጡ ደህና ነው። መጨረሻው ላይ ያለው፣ የፋይሉን ትክክለኛነት የሚያረጋግጠው ቁጥር ብቻ ተበላሽቷል። አስተካከለውና ጉዳዩን ዘጋ። ከወራት በኋላ ያው ችግር ተመልሶ መጣ። ከዚያም እንደገና። የተበላሹትን ፋይሎች ሰብስቦ ጎን ለጎን ሲያያቸው አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። አብዛኞቹ የወሩ የመጨረሻ ቀን ሎጎች ናቸው። የዲስክ ወይም የሚሞሪ ብልሽት ቢሆን ኖሮ ቀን አይመርጥም።

ቀጥሎ የተበላሹት ባይቶች በምን እንደተተኩ መረመረ። የዚፕ ፋይል ውስጥ የሚገኙ ምልክቶች ሆነው ተገኙ። ድርጅቱ የወሩን ሎጎች አሰባስቦ በአንድ ዚፕ ለደንበኛ የሚሰጥ ሌላ ፕሮግራም ነበረው። ያ ፕሮግራም ሎጎቹን በተራ ያነባል፣ የመጨረሻውን ቀን ካነበበ በኋላ የዚፑን መዝጊያ ይጽፋል። ሎጎቹን ግን የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው ያለው፣ የመጻፍ የለውም። ሆኖም የጻፈው መዝጊያ የመጨረሻው ሎግ ጭራ ላይ ሰፍሯል። መጻፍ የማይፈቀድለት ፕሮግራም ጽፏል። ፈቃድን የሚያስከብረው ከርነሉ ነውና ጥያቄው ወደ ከርነሉ ዞረ።

ለማረጋገጥ ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ጻፈ። የመጀመሪያው አንድ ፋይል ላይ የኤ ፊደልን ደጋግሞ ይጽፋል። ሁለተኛው ከዚያ ፋይል ወስዶ ወደ ፓይፕ ያስገባል፣ ተከትሎም ፓይፑ ላይ የቢ ፊደልን ይጽፋል። ፓይፕ ማለት አንድ ፕሮግራም ለሌላው ዳታ የሚያቀብልበት መንገድ ነው። ቢዎቹ ፓይፑ ውስጥ ነው መቅረት የነበረባቸው። ፋይሉ ላይ ተገኙ።

ትርጉሙ ከባድ ነው። ማሽኑ ላይ ተራ አካውንት ያለው ሰው፣ ማንበብ ብቻ የሚፈቀድለትን ፋይል መቀየር ይችላል። የተጠቃሚዎች ዝርዝር ያለበትን ፋይል ጨምሮ። ከዚያ በኋላ ሩት፣ ማለትም ሁሉ የሚፈቀድለት አስተዳዳሪ መሆን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቀዳዳው በ2020 ከወጣው የከርነል እትም 5.8 ጀምሮ ክፍት ነበር። ኬለርማን ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2022 ለከርነሉ የደኅንነት ቡድን አሳወቀ። በማግስቱ ፒክስል 6 ስልክ ላይም እንደሚሠራ አየ፤ ለአንድሮይድ ሰዎችም ነገራቸው። ፌብሩዋሪ 23 ማስተካከያውን የያዙት 5.16.11፣ 5.15.25 እና 5.10.102 ወጡ። ዝርዝሩ ለሁሉም ይፋ የሆነው ማርች 7 ነው።

ማስተካከያው ስንት መስመር ኮድ መሰላችሁ? ሁለት። ፍላግስ የሚባለውን ዋጋ ዜሮ የምታደርግ አንድ መስመር፣ ሁለት ቦታ ላይ ተጨመረች። የለውጡ ርእስም ያንኑ ነው የሚለው፤ በአዲስ የፓይፕ በፈር ውስጥ ፍላግስን መነሻ ዋጋ መስጠት። አደጋ የሚል ቃል የለበትም። ደኅንነት የሚል ቃል የለበትም።

እዚህ ጋ ቆም በሉ እስቲ። «ዋና ዋናዎቹን አፕዴቶች ብቻ ነው የምጭነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ጠንቃቃና ጎበዝ ሰዎች ናቸው። ፌብሩዋሪ 23 ቀን የለውጦቹን ዝርዝር ይዘው ቢቀመጡ ይቺን ሁለት መስመር እንዴት ይለዩዋታል? አይለዩዋትም። አዲስ የከርነል እትም በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል። በአንዱ እትም ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ለውጦች ይገባሉ፣ የሚሳተፉትም ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ናቸው። የተረጋጉትን እትሞች የሚያወጣው ግሬግ ክሮህ ሃርትማን በማስታወቂያዎቹ ላይ ለዓመታት ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ኖሯል፤ የዚህ እትም ተጠቃሚዎች ሁሉ ማደስ አለባቸው የሚል። ይህኛው ለደኅንነት ነው፣ ያኛው አይደለም ብሎ አይከፍልላችሁም። እነሱ የያዙት አቋም ከርነል ውስጥ ማንኛውም ስህተት የደኅንነት ስህተት ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ከ2024 ጀምሮ የከርነሉ ቡድን ለነዚህ ስህተቶች የሲቪኢ ቁጥር (የደኅንነት ስህተቶች መለያ) ራሱ መስጠት ሲጀምር ቁጥሮቹ በዓመት ወደ ሺህዎች የወጡት ለዚህ ነው። ያንን ዝርዝር እያነበበ የሚመርጥ ሰው ሌላ ሥራ አይኖረውም።

ከደርቲ ፓይፕ በፊት ደርቲ ካው የተባለ ሌላ የከርነል ቀዳዳ ነበር። በ2016 ሲዘጋ ቀዳዳው ከርነሉ ውስጥ 9 ዓመት ገደማ ኖሯል፣ ከ2.6.22 ጀምሮ። ሊነስ ራሱ በማስተካከያው ላይ እንደጻፈው ይህን ስህተት ከ11 ዓመት በፊት ለመዝጋት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀርቶ ነበር። እሱ እንኳ።

አሁን አንድ አንባቢ «እሺ፣ አፕዴቱ ራሱ ሲያበላሽስ?» ይለኛል። ይላል፣ እውነቱንም ነው። ኖቬምበር 2023 መጨረሻ ላይ 6.1.64 የሚባለው ከርነል ወጣ። ከአዲሱ ከርነል ወደ ቆየው የተመለሰ አንድ ማስተካከያ ነበረበት። ማስተካከያው ብቻውን አይቆምም፣ አብሮት መምጣት የነበረበት ሌላ ለውጥ አለ፣ ያ ግን አልመጣም። ውጤቱ በኢኤክስቲ 4 ላይ በተወሰነ መንገድ የሚጻፉ ፋይሎች ሊበላሹ መቻላቸው ነው። ኢኤክስቲ 4 ደግሞ አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት ፋይል ሲስተም ነው። ዴቢያን የተባለው የሊነክስ ስርጭት ዲሴምበር 9 ላይ ያንን ከርነል ይዞ 12.3ን እያወጣ ነበር። ነገሩ እንደታወቀ ሥራውን አስቆሙ፣ ተጠቃሚዎችን አስጠነቀቁ፣ በማግስቱ ዲሴምበር 10 ላይ 12.4ን ከተስተካከለው ከርነል ጋር አወጡ።

በ2024 ደግሞ የኤክስዜድ ጉዳይ መጣ። ይሄኛው ከርነሉን አይመለከትም፣ ግን ሲስተም ማደስን ይመለከታል። አንድ ሰው ከ2 ዓመት በላይ በትዕግሥት እምነት ገንብቶ፣ ፋይል ማመቂያው ኤክስዜድ ውስጥ የኋላ በር አስገባ። 5.6.0 እና 5.6.1 ተበከሉ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፕሮግራመር ነው። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ማሽን ውስጥ መግቢያው) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አይቶ፣ ለምን ብሎ ቆፈረ። ማርች 29 ይፋ አደረገው። በዚያን ጊዜ የተበከለው እትም የደረሰባቸው አዳዲሱን ሁሉ ወዲያው የሚወስዱት ነበሩ፤ የዴቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች፣ ፌዶራ ሮውሃይድ እና የመሳሰሉት። የተረጋጋው ዴቢያን አልተነካም።

ከሁለቱ ታሪኮች የምወስደው አቋም አለኝ። አዲስ እትም መከተል እና ማስተካከያ መውሰድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዴቢያን 12 ላይ ያለው ከርነል 6.1 ነው። በ2022 መጨረሻ የወጣ ስለሆነ ቁጥሩን የሚያይ ሰው ያረጀ ይመስለዋል። ግን ማስተካከያዎቹ ወደ እሱ እየተመለሱ ይገባሉ፤ ቁጥሩ ያው ሆኖ ውስጡ ይታደሳል። ሥራ ለሚሠራበት ማሽን የምመርጠው እንዲህ ዓይነቱን ነው። ማስተካከያ ሲመጣ ለሰርቨር ጥቂት ቀን እጠብቃለሁ፣ ችግር ካለው በነዚያ ቀናት ሰው ይጮሃል። በይፋ ጥቃት እየተፈጸመበት ያለ ቀዳዳ ከሆነ ግን በዕለቱ። ጥቂት ቀን ስል ጥቂት ቀን ነው፣ ወር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ አዲሱ ከርነል በአብዛኛው አሮጌውን አይደመስሰውም። ፋይሎቹ ስማቸው ላይ የእትሙን ቁጥር ይዘው ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ጓደኛዬን ያን ማታ ያተረፈው ይህ ነው። አርች በሚባለው ስርጭት ላይ ግን እንዲህ አይደለም፣ የድሮው ከዲስኩ ይወገዳል። የአርች ተጠቃሚዎች ከአፕዴት በኋላ ፍላሽ ሰክተው ምንም ሳይመጣ ሲቀር የሚደነግጡት ለዚህ ነው። እየሠራ ያለው ከርነል ሞጁሉን ከዲስክ ሊጠራ ሲሄድ ፎልደሩ የለም። ሪስታርት ይፈታዋል። አርች የምትጠቀሙ ካላችሁ የኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለውን) ከርነል እንደ ሁለተኛ ጭናችሁ ያዙ።

የእኛ ሀገር ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ሁለት ችግር ይመጣል፤ ዳታና መብራት። ሁለቱንም ለመቋቋም የሚረዳው ማውረዱንና መጫኑን መለየት ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ፓኬጅ የሚያወርደውና የሚጭነው አፕት ላይ ሰረዝ ዲ ብትጨምሩ ፓኬጆቹን ያወርዳል እንጂ አይጭንም። የሌሊት ጥቅል ያለው ሰው ሌሊት አውርዶ ይተኛል። ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቋረጥ ያው ትእዛዝ ሲደገም ካቆመበት ይቀጥላል። መጫኑን መብራትም ባትሪም ሲኖር ታደርጉታላችሁ፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ብዙ ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ ወይም የትምህርት ቤት ላብ ከሆነ አፕት ካቸር ኤንጂን አንዱ ማሽን ላይ ጫኑ። አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከእሱ ይወስዳሉ። 20 ማሽን አንድን ከርነል 20 ጊዜ ከውጭ ማውረዱ ይቀራል።

መብራት መጫኑ መሃል ላይ ከሄደስ? ዲፒኬጂ፣ ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጆቹን የሚጭነው ፕሮግራም፣ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ሁኔታ እየመዘገበ ነው የሚሄደው። ማሽኑ ሲነሳ በሩት ሆናችሁ ዲፒኬጂን ከኮንፊገር ትእዛዙ ጋር ስትጠሩት ያልተጨረሰውን ይጨርሳል። አዲሱ ከርነል በግማሽ ቀርቶ ከሆነና አልነሳ ካለ፣ በግራብ ሜኑ በድሮው ግቡና ከዚያ ጨርሱት። ከመብራቱ ይልቅ እኔ ያየሁት ሌላ አደጋ አለ። በመጫኑ መጨረሻ አካባቢ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለው፣ ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ መጀመሪያ የሚጠቀምበት ፋይል ሲዘጋጅ ስክሪኑ ዝም ይላል። ዲስኩ የሚሽከረከር የቆየ ላፕቶፕ ላይ ይሄ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ምንም አይንቀሳቀስም፣ ጽሑፍ አይጨመርም። ሰው ስታክ አደረገ ብሎ ፓወር ቁልፉን ይጫናል። እባካችሁ አትጫኑ። የዲስኩን መብራት እዩ፣ እየበራ እየጠፋ ከሆነ እየሠራ ነው።

ቡት ለብቻው የተከፈለ ክፍል ከሆነ ደግሞ ይሞላል። አፕትን አውቶሪሙቭ በሉት፣ የማያስፈልጉትን የድሮ ከርነሎች ያነሳል፣ አንድ መጠባበቂያም ያስቀራል። በእጃችሁ ፋይል አትሰርዙ።

ሰርቨር ላይ ችግሩ ቴክኒክ ብቻ አይደለም፣ ሰው ነው። ማሽኑ ሳይጠፋ ይህን ያህል ቀን ቆየ ብሎ መኩራት የቆየ ልማድ ነው። እኔ ዓመት ሙሉ ያልጠፋ ሰርቨር ሳይ መጀመሪያ የማስበው ዓመት ሙሉ ያልታደሰ ከርነል መሆኑን ነው። ኡቡንቱ ላይ ስትገቡ ሲስተሙ ሪስታርት ይፈልጋል የሚል መልእክት ይመጣል። ያንን መልእክት ዓይን ስለሚለምደው አያየውም።

አንድ የምሠራበት ቢሮ ሂሳብ ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ሴት አሉ። ሪስታርት በሰሙ ቁጥር ፊታቸው ይለወጥ ነበር። «ልጄ፣ ደግሞ ልታጠፋው ነው?» ይሉኛል። «እትዬ፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው» እላለሁ። «ለአንተ ደቂቃ ነው። ለእኔ ደሞዝ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። ልክ ነበሩ። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሥራቸው የሚጠብቀውን ቀን ነገሩኝ፣ ከወር መጨረሻ በፊት ያሉትን ቀናት። እኔም በዚያን ጊዜ የማልነካበትን፣ በሌላው ጊዜ ግን ማታ ከሥራ ሰዓት በኋላ ሪስታርት የማደርግበትን ቀን ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ባክአፑ መኖሩን በፊታቸው አንድ ፋይል መልሼ አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ቀኑ ሲደርስ የሚያስታውሱኝ እሳቸው ናቸው። ያለ ሪስታርት የከርነል ቀዳዳ የሚዘጉበት መንገድም አለ፤ ላይቭ ፓች ይባላል። መሠረቱ በ2015 ከ4.0 ጋር ከርነሉ ውስጥ ገብቷል፣ ኡቡንቱም አገልግሎቱን ይሰጣል። ጥሩ ነገር ነው። ግን ሁሉንም ማስተካከያ አይሸፍንም፣ ጊዜ ይገዛል እንጂ ሪስታርቱን አያስቀርም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሪስታርት ያላደረገው ሰው አይደለም፣ ዜሮ የሚያይ ሰው ነው። ኡቡንቱ 18.04 ወይም 20.04 ላይ ያሉ ማሽኖች አሁንም አያለሁ። የመጀመሪያው መደበኛ ድጋፉ በ2023፣ ሁለተኛው በ2025 አብቅቷል። እዚያ ላይ አፕዴት ስትሉ የሚታደስ ፓኬጅ ዜሮ ይላችኋል፣ ወይም ከውጭ ምንጭ የመጣ አንድ ሁለት ነገር። ሰውየው «ሁሉም የታደሰ ነው» ብሎ ይረካል። ዜሮ የሆነው ግን የሚልክ ስለሌለ ነው።

እንዲህ ያለ ማሽን ካላችሁ ሁለት መንገድ አለ። ኡቡንቱ ፕሮ ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ማሽን በነጻ ነው፣ ከተመዘገባችሁ ድጋፉ ከእትሙ መውጫ ጀምሮ 10 ዓመት ይደርሳል። ለ18.04 እስከ 2028፣ ለ20.04 እስከ 2030 ማለት ነው። ሁለተኛው ወደ አዲሱ መሻገር ነው፣ በደረጃ፤ ከ18.04 ወደ 20.04፣ ከዚያ 22.04፣ ከዚያ 24.04። መዝለል አይቻልም። ፋይላችሁን በሌላ ዲስክ ላይ ካወጣችሁ ግን 24.04ን ከባዶ መጫን ከሦስት ሽግግር ይፈጥናል፣ ዳታውም ያንሳል። ማሽኑ 32 ቢት ብቻ ከሆነ ኡቡንቱን እርሱት። ዴቢያንም በ2025 ከወጣው 13 ጀምሮ ለ32 ቢት ፒሲ መጫኛ አያዘጋጅም። ለእንደዚያ ዓይነቱ ማሽን ዴቢያን 12 ጫኑና ማስተካከያ እየመጣለት እስካለ ድረስ ተጠቀሙበት።